የ«ዓ.ም» ነጥብና የጠፋው ቅጥያ፦ ፋይሎች «ም ፋይል» ሲሆኑ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ክፍል 300 የሚጠጉ የዎርድ፣ የኤክሴልና የፒዲኤፍ ፋይሎችን ስም ወጥ ለማድረግ ብለን ከኤክሴል ዝርዝር እየቀዳን ለጠፍንባቸው። ለምሳሌ ‹የበጀት ሪፖርት 2016 ዓ.ም› ይላል። አሁን አይከናቸው ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ ዓይነታቸው ላይ ‹ም ፋይል› የሚል ተጽፏል፤ ደብል ክሊክ ሲደረግ በምን ልክፈተው ብሎ ይጠይቃል። ‹ት/ቤት› ብለን ስንጽፍ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። ስማቸው ረጃጅም የሆኑት ወደ ሊኑክስ ሰርቨራችን አልገለበጥ ብለዋል። ቫይረስ ይሆን? ይመለሳሉ? ከእንግዲህስ በእንግሊዝኛ ብቻ ብንሰይም አይሻልም?»

ቫይረስ አይደለም፤ ፋይሎቹም አልተበላሹም። ውስጣቸው ያለው ጽሑፍና ቁጥር እንዳለ ነው። የተነካው ስማቸው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ፋይሉን ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥ የሚያውቀው ከስሙ ጫፍ ስለሆነ፣ ስሙ ሲለወጥ ይህ ምልክት አብሮ ጠፋ። ሦስቱም ችግሮች ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፦ በአማርኛ ስንጽፍ ለማሳጠሪያ የለመድናቸው ነጥብና እዝባር ለኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ፊደላችንም በአንዳንድ ሲስተም ላይ ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ይህን ካወቁ በአማርኛ መሰየማችሁን የምትተዉበት ምክንያት የለም። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ የሚፈልገውን በገዛ ቋንቋው ማግኘት አለበት፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ምልክቶችን መተው ብቻ ነው።

ቅጥያ የምለው ብዙዎቻችን ኤክስቴንሽን የምንለውን፣ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን የስም ክፍል ነው። ቅጥያዎቹን እዚህ የምጽፋቸው በአፍ እንደምንጠራቸው ነው፦ ዶክኤክስ፣ ኤክስኤልኤስኤክስ፣ ፒዲኤፍ፣ ጄፒጂ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ የማይደረገው

ማስተካከል ከመጀመርዎ በፊት ሙሉውን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ኮፒ ያድርጉት፤ ሁሉም ተከፍቶ እስኪታይ ድረስም ኮፒውን አይንኩት።

ዊንዶውስ «በምን ልክፈተው?» ሲል ዎርድን መርጣችሁ «ሁልጊዜ» የሚለውን እንዳትጫኑ። ከተጫነ ያ ኮምፒውተር «ም» የሚባል ቅጥያ የዎርድ ነው ብሎ ይመዘግባል። ለጊዜው የዎርዶቹ ስለሚከፈቱ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ከዚያ የኤክሴሉም የፒዲኤፉም ፋይል ወደ ዎርድ መሄድ ይጀምራል፤ ዎርድም ወይ አልከፍትም ይላል ወይ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ያሳያል። በዚህ ጊዜ ነው ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ የሚያጠፋው። ምዝገባው የዚያ ተጠቃሚና የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል ሲላክ ነጭ ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣል። ቀድሞ የተጫነ ከሆነም አያስጨንቅም፤ ቅጥያው ሲስተካከል «ም» የሚል ፋይል ስለማይኖር ምዝገባው ሥራ ፈቶ ይቀራል።

ዊንዶውስ ስሙን እንዴት ያነበዋል?

ዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር የፋይሉን ይዘት ከፍቶ አይመረምርም። ስሙን ከኋላ ጀምሮ ያነብና የመጨረሻዋን ነጥብ ይፈልጋል፤ ከነጥቧ በኋላ ያለውን ወስዶ ከቅጥያዎች መዝገብ ጋር ያስተያያል። «የበጀት ሪፖርት 2016 ዓ.ም» በሚለው ስም ውስጥ ያለችው ነጥብ አንድ ናት፤ ከእሷ በኋላ ያለችው ደግሞ «ም»። መዝገቡ ውስጥ «ም» የሚል ስለሌለ፣ የማያውቀውን ቅጥያ ራሱን ወስዶ «ፋይል» የሚለውን ይጨምርበትና «ም ፋይል» ይላል።

ከፋይሎቻችሁ መካከል «የ2016 ዓ.ም በጀት» ዓይነት ስም ያላቸው ካሉ ደግሞ «ም ፋይል» ሳይሆን «ፋይል» ብቻ የሚል ታያላችሁ። ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያለው «ም በጀት» ነው፤ በውስጡ ክፍት ቦታ አለ፤ ዊንዶውስ ደግሞ ክፍት ቦታ ያለበትን ቅጥያ ብሎ አይቀበለውም። ስለዚህ ፋይሉን ጨርሶ ቅጥያ አልባ አድርጎ ይቆጥረዋል። መልኩ ቢለያይም በሽታው ያው ነው።

ቀድሞ ስሙ «የበጀት ሪፖርት 2016 ዓ.ም.ዶክኤክስ» ነበር እንበል። ያ ምንም ችግር የለውም፤ ነጥቦቹ ሁለት ናቸው፣ የሚታየው የመጨረሻው ነው። ዎርድ ሴቭ ሲያደርግም «ም» የሚባል ቅጥያ ስለማያውቅ ዶክኤክስን ራሱ ይጨምራል። የእናንተ ጉዳይ የተበላሸው በሪኔም ጊዜ ነው። ኤፍ2 ሲጫኑ ኤክስፕሎረር የሚመርጠው ከቅጥያው በፊት ያለውን ስም ብቻ ነው፤ ቅጥያ በሚታይበት ኮምፒውተር ላይ ቀጥሎ ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ከለጠፋችሁ ግን ቅጥያውም አብሮ ይመረጥና ይጠፋል። ዊንዶውስም «ቅጥያው ከተቀየረ ፋይሉ ላይሠራ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። 300 ጊዜ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሲሆን እጅ ሳይታሰብ «እሺ» ማለት ይለምዳል፤ በማንም ላይ የሚደርስ ነው።

ዊንዶውስ በስም ጫፍ ላይ ይህን ያህል የሚደገፈው ውርስ ስለሆነ ነው። በኤምኤስ ዶስ ዘመን ዲስኩ ላይ ለአንድ ፋይል የሚመደበው የማውጫ መስመር 32 ባይት ነበር (ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚይዘው ቦታ ነው)፤ ከዚያ ውስጥ ለስም 8፣ ለቅጥያ 3 ባይት። ነጥቧ እንኳን አትጻፍም ነበር፤ ስምና ቅጥያ የተለያየ ሳጥን ስለነበራቸው በመካከል የምትታየው ለዓይን ብቻ ነበር። ዊንዶውስ 95 እስከ 255 ፊደል የሚደርስ ረጅም ስም ሲፈቅድ ሁለቱ ሳጥኖች ተዋሃዱ፤ ነጥብም በስሙ ውስጥ በፈለጉት ቦታ የሚገባ ተራ ምልክት ሆነ። «የመጨረሻው ነጥብ» የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው።

ሊኑክስ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ለከርነሉ፣ ማለትም ለሲስተሙ እምብርት፣ የፋይል ስም ዝም ብሎ የባይት ድርድር ነው፤ ቅጥያ የሚባል ነገር አያውቅም። ፋይል ማናጀሮቹ መጀመሪያ ቅጥያውን ያያሉ፤ ካላወቁት የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ያነባሉ። ስለዚህ «ም» የሆኑት ፒዲኤፎቻችሁ ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ችግር ሊከፈቱ ይችላሉ። ፋይሎቹ ጤነኛ መሆናቸውን ላልተቀበለ አለቃ ማሳያ ይሆናል።

የጠፋውን ቅጥያ ማወቅ

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ 300 ፋይል ውስጥ የትኛው ዎርድ፣ የትኛው ኤክሴል እንደነበር ስሙ አይናገርም። ይዘቱ ግን ይናገራል። አብዛኛው የፋይል ዓይነት መጀመሪያው ላይ የራሱ መለያ አለው።

መጀመሪያ በምትጠግኑበት ኮምፒውተር ላይ ቅጥያዎቹ የማይታዩ ከሆነ እንዲታዩ ያድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ በኤክስፕሎረር «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» የሚለው ገጽ ውስጥ በዚያው ስም ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። ይህን ሳያደርጉ መጠገን ከጀመሩ «ዶክኤክስ.ዶክኤክስ» የሚል ድርብ ቅጥያ ይፈጥራሉ።

ከዚያ ከፋይሎቹ የአንዱን ሌላ ለሙከራ የሚሆን ቅጂ አውጥተው በኖትፓድ ይክፈቱ። የሚያዩት ነገር ትርጉም የለሽ ምልክት ነው፤ የሚፈለገው መጀመሪያው ብቻ ነው። የፐርሰንት ምልክት ተከትሎ ፒዲኤፍ የሚሉት ሦስት ፊደሎች በላቲን ካሉ ፒዲኤፍ ነው። መጀመሪያው ላይ ፒ እና ኬ የሚሉ ሁለት ትልልቅ የላቲን ፊደሎች ካሉ የዚፕ ቤተሰብ ነው፤ ዶክኤክስ፣ ኤክስኤልኤስኤክስና ፒፒቲኤክስ ሁሉም በውስጣቸው ዚፕ ናቸው። ኤም እና ዜድ ካሉ ፕሮግራም ነው፤ በሪፖርቶች መካከል ኤም ዜድ ካገኛችሁ እጅ አንሱ፣ እንዳትከፍቱት። ኖትፓድን ሲዘጉ «ሴቭ ላድርግ?» ቢልዎ እምቢ ይበሉ፤ ሴቭ ከተደረገ ኖትፓድ ባይቶቹን እንደ ጽሑፍ ስለሚጽፋቸው ያ ፋይል በእውነት ይበላሻል።

በፒኬ የሚጀምሩትን እርስ በርስ ለመለየት የሙከራውን ቅጂ ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይረው ይክፈቱት። ውስጡ «ዎርድ» የሚባል ፎልደር ካለ ዶክኤክስ ነው፤ ኤክስ እና ኤል በሚሉ ሁለት ፊደሎች የተሰየመ ፎልደር ካለ የኤክሴል ነው፤ «ፒፒቲ» የሚል ካለ ፓወርፖይንት ነው። በፒኬም በፒዲኤፍም ካልጀመረ ከ2007 በፊት የነበረው የኦፊስ ዓይነት፣ ማለትም ዶክ ወይም ኤክስኤልኤስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መገመት አያዋጣም፤ ለድሮ የኤክሴል ፋይል የአዲሱን ቅጥያ ከሰጡት ኤክሴል ፎርማቱ ወይም ቅጥያው ትክክል አይደለም ብሎ አይከፍተውም።

ለ300 ፋይል ይህን በእጅ መሥራት ግን አያስፈልግም፤ ሊኑክስ ሰርቨር አላችሁ። ስማቸው የረዘሙትን ፋይሎች አሳጥራችሁ ፎልደሩን ለሰርቨሩ ኃላፊ አስቀምጡለትና «ፋይል» የሚባለውን ትእዛዝ በሁሉም ላይ እንዲያስኬድ ንገሩት። ትእዛዙ ስሙን ሳይሆን የመጀመሪያ ባይቶቹን አንብቦ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ማይክሮሶፍት ዎርድ 2007 ፕላስ»፣ «ማይክሮሶፍት ኤክሴል 2007 ፕላስ»፣ «ፒዲኤፍ ዶኩመንት» እያለ በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል። የደቂቃ ሥራ ነው።

ቫይረስ የሚለው ፍርሃታችሁም በዚሁ ይጣራል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ስምን ብቻ ሳይሆን ይዘትንም ይቀይራል፤ ስለዚህ ፒኬና ፒዲኤፍ የሚሉት መለያዎች አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም። እነሱ በቦታቸው ካሉና ቅጥያው ሲመለስ ፋይሉ በትክክል ከተከፈተ አልተቆለፈም።

መልሶ መቀጠል

በዓይነት ለይታችሁ ሦስት ፎልደር ካደረጋችሁ በኋላ የጅምላ ሪኔም ይበቃል። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፓወርቶይስ ውስጥ «ፓወር ሪኔም» የሚባል መሣሪያ አለ። በዎርዶቹ ፎልደር ሁሉንም ምረጡ፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፓወር ሪኔምን ክፈቱ። በላይኛው ሳጥን «ዓ.ም» ጻፉ፤ በታችኛው «ዓም» ብላችሁ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ፣ ነጥብና ዶክኤክስን በላቲን ጨምሩ። «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለው አይመረጥ፤ ከተመረጠ ነጥብ «ማንኛውም ፊደል» ማለት ይሆናል። የሚሠራበት ክልል «ስምና ቅጥያ» መሆን አለበት፤ «ስም ብቻ» ከተባለ «ም»ን ቅጥያ አድርጎ ስለሚቆጥራት «ዓ.ም» የሚለውን አያገኘውም። ከመፈጸማችሁ በፊት አሮጌውና አዲሱ ስም ጎን ለጎን ይታያል። ይህ የሚሠራው በ«ዓ.ም» ለሚያልቁት ነው። «ዓ.ም» መሃል ላይ ያለባቸውን ለይታችሁ መጀመሪያ ነጥቧን ብቻ አውጡ፣ ቅጥያውን ከስሙ መጨረሻ ላይ ለብቻው ጨምሩ።

ኪቦርድ መቀየሩን በተለይ አስታውሱ። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ቅጥያ ሲጻፍ ፊደሉ ግእዝ ይሆናል፤ ነጥቧም እንደ ኪቦርዱ አሠራር አራት ነጥብ ልትሆን ትችላለች። አራት ነጥብ ለዓይን ነጥብ ቢመስልም ለኮምፒውተሩ ተራ የግእዝ ምልክት ነው፤ ቅጥያን ከስም አይለይም።

በኮማንድ ፕሮምፕት ለሚሠራ ባልደረባ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በኮከብ ምልክት ዶክ የሆኑትን ሁሉ አጥፋ ሲባል ዶክኤክሶቹም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ዊንዶውስ ለረጅም ስሞች የድሮውን 8 እና 3 ፊደል ያለውን አጭር ስም በስውር ሊይዝ ስለሚችል፣ ዶክኤክስ በዚያ አጭር ስም ዶክ ተብሎ ይቆረጣል፤ ትእዛዙም ሁለቱንም ስም ያያል።

እዝባሩ ለምን ተከለከለ?

ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ዘጠኝ ምልክቶችን አይቀበልም፦ እዝባር፣ ወደ ኋላ ያዘነበለው እዝባር፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክት፣ የላቲኑ ድርብ ትእምርተ ጥቅስ፣ የታናሽና የታላቅ ምልክቶች፣ ቀጥ ያለው መስመር። ሁለቱ እዝባሮች ፎልደርን ከፎልደር የሚለዩ ናቸው። «ት/ቤት» ሲባል ሲስተሙ «ት በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ ቤት የሚባል ፋይል» ብሎ ነው የሚያነበው። የላቲኑ ሁለት ነጥብ ደግሞ ከዲስክ ፊደል በኋላ የሚመጣው ነው።

አማርኛችን እዝባርን በጣም ይወዳታል፦ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ወ/ሮ፣ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሥላሴ፣ ዓ/ም። ሊኑክስም እዝባርን በምንም መንገድ አይቀበልም። ማክ ላይ ግን ፋይንደር «ት/ቤት» የሚለውን ይቀበላል፤ ይህ ማለት ግን እዝባሩ ተጻፈ ማለት አይደለም፤ ከሥር የሚቀመጠው የላቲን ሁለት ነጥብ ነው። ያው ፋይል ከማክ ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር ሁለት ነጥቡ የተከለከለ ስለሆነ ወይ አይገለበጥም ወይ ስሙ ውስጥ እንግዳ ምልክት ይገባል። ከውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖች ከማክ የሚላኩ ፎልደሮች ላይ ይህን ካያችሁ ምንጩ እዝባሯ ናት።

በእዝባር ፈንታ ሰረዝ ይበቃል፦ «ት-ቤት»፣ «ክ-ከተማ»፣ «ገ-ማርያም»። ለመዝገብ ግን እኔ ሙሉውን መጻፍን እመርጣለሁ፤ «ትምህርት ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ት-ቤት»ን አያገኝም። «ዓ.ም»ን በተመለከተ ነጥቧን አውጥቶ «ዓም» ማለት ይበቃል፤ የቀን አቆጣጠሩ ከታወቀ ጨርሶ ቢቀርም ችግር የለም። የግእዙ ሁለት ነጥብ «፡» በሁሉም ሲስተም ይፈቀዳል፤ ቢሆንም አልመክረውም። ከላቲኑ ሁለት ነጥብ ጋር በዓይን አይለይም፤ ሰው ሲፈልግ የተሳሳተውን ይጽፍና ፋይሉን ያጣዋል።

ስምን በነጥብ ወይም በክፍት ቦታ መጨረስም አይሠራም፤ ዊንዶውስ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። «ዓ.ም.» ብለው በነጥብ ቢጨርሱ የመጨረሻዋ ነጥብ ትጠፋለች፤ ሊኑክስ ግን ያስቀምጣታል፤ በዚህም የአንድ ፋይል ስም በሁለቱ ላይ ሁለት ይሆናል።

ርዝመቱ፦ 255 ምንድን?

ዊንዶውስም ሊኑክስም የአንድ ስም ጣሪያ 255 ነው ይላሉ፤ የሚቆጥሩት ነገር ግን አንድ አይደለም። ዊንዶውስ ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የሚቆጥረው ዩቲኤፍ-16 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሲሆን አንድ የአማርኛ ፊደል አንድ ነው። በሊኑክስ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኢኤክስቲ4 የሚቆጥረው ባይት ነው፤ እዚያ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ክፍት ቦታ አንድ አንድ ባይት ሲሆኑ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል።

በምሳሌ እንየው። «የ2016 ዓም በጀት» በሚለው ውስጥ የግእዝ ፊደሎቹ ስድስት ናቸው (የ፣ ዓ፣ ም፣ በ፣ ጀ፣ ት)፤ ስድስት ሲባዛ በሦስት 18 ባይት። ቁጥሮቹ አራት፣ ክፍት ቦታዎቹ ሁለት፤ ነጥብና ዶክኤክስ በላቲን አምስት። በድምሩ 29 ባይት። ዊንዶውስ ላይ ያው ስም 17 ብቻ ነው። ረጅም የደብዳቤ ርእስ በሙሉ ስም አድርጋችሁ 120 ፊደል ብትጽፉ ዊንዶውስ ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ ሊኑክሱ ግን ከ300 ባይት በላይ ሆኖበት ስሙ ረዝሟል ይላል። ለአማርኛ ስም የሊኑክሱ እውነተኛ ጣሪያ 85 ፊደል ነው፤ ለቅጥያው ቦታ ሲተው ደግሞ 83። የሰርቨሩ ፎልደር ኢክሪፕትኤፍኤስ በሚባለው መንገድ የተመሰጠረ ከሆነ የስም ጣሪያ 143 ባይት ስለሚሆን ከ46 ፊደል አያልፍም። አንድሮይድ ስልኮችም በሊኑክስ ላይ የቆሙ ስለሆኑ የባይቱ ቆጠራ እዚያም አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ስሙ ሲረዝምበት ከመጨረሻው ይቆርጠዋል፤ መጨረሻው ደግሞ ቅጥያው ስለሆነ ፋይሉ ስልክ ላይ «አይታወቅም» ይባላል።

ስለዚህ ስማችሁን በ40 የአማርኛ ፊደል ወስኑት፤ የትም ቢሄድ ይገባል። ቀሪው ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ ነው መጻፍ ያለበት።

ከዚህ የተለየ ደግሞ የመንገዱ ርዝመት አለ። ዊንዶውስ ከዲስኩ ፊደል እስከ ቅጥያው ድረስ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ተደምረው፣ በተለምዶ ከ260 እንዳይበልጥ ይፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 ቅጂ 1607 ጀምሮ ይህን ጣሪያ ማንሳት ይቻላል፤ ፕሮግራሙም መደገፍ ስላለበት ግን አትተማመኑበት። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሰባት ስምንት ደረጃ የሚሄዱ መዝገቦች ላይ የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው። እዚህ አማርኛ አይጎዳም፤ ፊደሉ እንደ አንድ ይቆጠራል።

የድሮ ፕሮግራሞችና ዚፕ

አንዳንድ የቆየ የሂሳብ ወይም የስካነር ፕሮግራም የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል «አላገኘሁትም» ሊል ይችላል፤ ፋይሉ ግን ፊት ለፊቱ ነው። ግእዝ የዓለም ፊደሎችን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ወደሚይዘው ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ዊንዶውስ ከዚያ በፊት ለየቋንቋው ያበጃቸው የድሮ የፊደል ሠንጠረዦች ውስጥ ለአማርኛ የተሠራ የለም። ዩኒኮድ የማያውቅ ፕሮግራም ስሙን ሲጠይቅ ዊንዶውስ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ይሰጠዋል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ከተከለከሉት ዘጠኙ አንዱ ስለሆነ በዚያ ስም የሚከፈት ፋይል ሊኖር አይችልም። ለእንዲህ ያለው ፕሮግራም ብቻ፣ ፋይሉንም የሚገኝበትን ፎልደርም በላቲን ሰይማችሁ ለብቻ አስቀምጡለት። ለአንድ አሮጌ ፕሮግራም ሲባል መዝገቡን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር ግን ተገቢ አይደለም።

ዊንዶውስ 7 ላይ የአማርኛ ስም ያላቸውን ፋይሎች በራይት ክሊክ ዚፕ ለማድረግ ከሞከራችሁ ስሙ ውስጥ የማይሆን ፊደል አለ ብሎ እምቢ የሚለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። 7-ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ሥሩት።

በፓወር ግእዝና በመሰሎቹ የተጻፈ የድሮ ሰነድ በላቲን ምልክት ተዘባርቆ ከተከፈተ ግን ያ የፎንት ጉዳይ ነው። ቅጥያውን በመነካካት አይፈታም።

ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ

ስሞቹን እንደገና ስትጠግኑ አንድ ነገር አብራችሁ ወስኑ። ለእኛ «ሰነድ» እና «ሠነድ» አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ስሞች ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን ፋይል «ጸሃይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፤ በአንድ ፎልደር ውስጥም ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ማን የትኛውን እንዳደሰ እስኪጠፋ ድረስ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ላይ መሥሪያ ቤቱ አንድ አጻጻፍ መርጦ በአንድ ገጽ ይለጥፈው። በመዝገብ ክፍሎች ለሚደርሰው «ፋይሉ ጠፋ» ብዙው መፍትሔ ይህ ነው።

በሌላ በኩል የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በላቲን ስም ላይ ሊኑክስ የሚያመጣው የትልቅና የትንሽ ፊደል ጣጣ አይነካንም። ቅጥያው ብቻ በላቲን ስለሆነ እሱን ሁልጊዜ በትንሽ ፊደል ጻፉ። ፊደላችን በማክ ላይም እንደ ፈረንሳይኛው ባለ ምልክት ፊደል ወደ ሁለት ቁራጭ አይበታተንም፤ ከዊንዶውስ ወደ ማክ ሲሄድ ያው ሆኖ ይደርሳል።

ቀኑን ከፊት አድርጉት፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ወርና ቀኑን በሁለት አሃዝ፦ «2016-05-12 የበጀት ሪፖርት»። «መስከረም»፣ «ጥቅምት» ብለው በስም ከጻፉ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል እንጂ በወር ተራ አይደለም። ዊንዶውስ «የተሻሻለበት ቀን» የሚለው አምድ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ በስሙ ላይ ካለው ቀን ጋር ስለማይመሳሰል እንዳትደናገጡ።

ቅጥያ እንዲታይ ያደረጋችሁትን ማስተካከያ ሥራው ሲያልቅ አትመልሱት። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የታወቁ ቅጥያዎች በነባሪ ተደብቀው ነው የሚመጡት፤ በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው የ«ላቭ ሌተር» ትል የተጠቀመበትም ይህንኑ ነው። የፋይሉ ስም ቲኤክስቲ ብሎ የሚያልቅ ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ ከኋላው የነበረው እውነተኛ ቅጥያ ቪቢኤስ፣ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ተደብቆ ነበር። ዛሬም «የደመወዝ ጭማሪ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ተብሎ የተላከ ፋይል ቅጥያ በተደበቀበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ይመስላል። ለዚህ ደግሞ የመዝገብ ክፍል ኮምፒውተር የመጀመሪያው ኢላማ ነው፤ የማያውቀውን ሰው ፋይል ከፍቶ ማየት የዕለት ሥራው ነውና።

ጥገናውን በአሥር ፋይል ጀምሩ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት አራት ወስዳችሁ ቅጥያ መልሱላቸው፣ ክፈቷቸው፣ ወደ ሰርቨሩ ገልብጡ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ላይም ክፈቷቸው። እነዚህ ካለፉ ቀሪዎቹን 290 በአንድ ጊዜ ማስኬድ ይቻላል። ተመልሶ ያልተከፈተ ካለ ከ«ፋይል» ትእዛዙ ያገኛችሁትን መስመር እዚህ ጻፉልኝ፤ ዓይነቱን አብረን እንለየዋለን።